ዝም የማይል ጆሮ

ሰውዬውን ሰፈርተኛው «አንቴና» የሚለው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቁመቱ ነው፤ በገዛ ሱቁ በር ጎንበስ ሳይል አይገባም። ሁለተኛው አለመርጋቱ ነው። ሲቀመጥ ጉልበቱ ይርገበገባል፣ ቆሞ ሲያወራ ቁልፉን ያቅጨለጭላል፣ ምሳ እየበላ እንኳ ተነስቶ መስኮቱን ከፍቶ፣ መልሶ ዘግቶ ይመጣል። ዳቦ ቤት የምትሠራው ሚስቱ ረጋ ያለች ሴት ናት፤ «እኔ ያገባሁት ሰው ነው ወይስ ንዝረት?» እያለች ትስቅበታለች።

ሥራው የድምፅ ዕቃ መጠገን ነው። ሱቁ አንድ ክንድ ከስንዝር በምትሆን መተላለፊያ ካልሆነ መርገጫ የለውም፤ ግራና ቀኙ ሆዳቸው በተዘረገፈ ሬዲዮኖችና ጉሮሯቸው በተዘጋ ማጉያዎች እስከ ጣራው ተሞልቷል። ከሱቁ ወደ ላይ ጥቂት ሄድ ሲሉ መስጊዱ አለ፣ ወደ ታች ወረድ ሲሉ ቤተ ክርስቲያኑ። የሁለቱንም ድምፅ ማጉያ የሚሰቅለውም፣ ሲበላሽ የሚያወርደውም እሱ ነው። በእምነቱ ክርስቲያን ነው፤ ሆኖም ጸሎቱ ሳያልቅ ከመሃል ሹልክ ማለቱን ቄሱም ያውቁታል።

ነገሩ የተጀመረው መንገዱ ሲሰፋ ነው። የመኪናው ጩኸት የአዛኑን ጥሪ ዋጠው ተባለና መስጊዱ ጠንከር ያለ ማጉያ ገዛ። ብዙም ሳይቆይ የቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች ወደ አንቴና መጡና «ከነሱ ያላነሰ» አሉት። ሰቀለላቸው። ከዚያ እነዚያ ከፍ፣ እነዚህ ከፍ፤ አንቴናም መሰላሉን ተሸክሞ ሽቅብ ቁልቁል ይል ጀመር። ለሁለቱም ያለው መልስ «እሺ» ብቻ ነው። ቤቶች መስታወታቸው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ነገሩ ጦዘ።

በመጨረሻ አንድ ቀን የቤተ ክርስቲያኑ ገመድ ተቆርጦ ተገኘ። ማን እንደቆረጠው አልታወቀም፤ ግን የሁለቱም ወገን ጎረምሶች መንገዱ ላይ ወጥተው ደረት ለደረት ተገጣጠሙ። ሼኹ በአንድ በኩል፣ ቄሱ በሌላው በኩል ሮጠው ደርሰው፣ አንዱን በቁጣ አንዱን በልመና በተኑት። በማግስቱ ሽማግሌዎች ተላላኩና «እንነጋገር» ተባለ። አንዱ ሌላው ግቢ መግባት ስላልፈለገ የተሰበሰቡት ትምህርት ቤት ውስጥ፣ በአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ወንበር ላይ ነው። ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም አልቀረው። አንቴናም «የድምፁን ነገር ያስረዳል» ተብሎ ተጠራ።

ሼኹ ቀጭን፣ ቃል ቆጥበው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። ቄሱ ደልደል ያሉ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሰው ናቸው፤ የዚያን ቀን ግን እሳቸውም አልቀለዱም።

«የኛ ጥሪ ነው እንጂ ጩኸት አይደለም» አለ ከመስጊዱ ወገን አንዱ።

«የኛስ ጩኸት ነው ያለህ ማነው?» አለ ከወዲያ ሌላው።

እንዲህ እየተባባሉ፣ አንቴና በመስኮቱ ሥር ወዲህ ወዲያ እያለ፣ ድንገት መብራት ሄደ። ጣራው ላይ ሲንኳኳ የነበረው ማራገቢያ ቀስ ብሎ ቆመ። ሰው ሁሉ በአጋጣሚ እኩል ዝም አለ። አንቴና ሁለት ጆሮውን በመዳፉ ያዘና በሩን በርግዶ ወጣ።

ሼኹ ተከተሉት። ቄሱም ከዚያች ወንበር ለመላቀቅ ትንሽ ታግለው ተከተሉ። የትምህርት ቤቱ አጥር ጋ፣ መኪና ወደሚበዛበት ጠርዝ ተጠግቶ ቁና ቁና ሲተነፍስ አገኙት።

«ምን ሆንክ ልጄ?» አሉት ሼኹ።

«ይጮሃል፣ አባቴ።»

«ምኑ?»

«ጆሮዬ። ልክ እንደ ፈላ ማንቆርቆሪያ ያፏጫል። ጫጫታ ሲኖር ይሸፈንልኛል። ጸጥ ሲል ግን ጭንቅላቴን ሊበሳው ይደርሳል። ለማንም አልተናገርኩም፤ ጆሮው የታመመ የድምፅ ሠራተኛ ማን ሥራ ይሰጠዋል?»

«ሐኪም ጋ አልሄድክም?» አሉት ቄሱ።

«ሄጄ ነበር። ‹ድምፅ የጎዳው ጆሮ ነው፣ አይመለስም፣ ትለምደዋለህ› አለኝ። እንዴት እንደሚለመድ ስጠይቀው ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ያ ሁሉ ማጉያ በዓይናቸው ላይ ሳይመጣ አልቀረም። ሼኹ ትንሽ አሰቡና «ከቀትር በኋላ ከሰላት ስንወጣ እኔ ጥላው ሥር እቀመጣለሁ። መጥተህ አጠገቤ ተቀመጥ» አሉት።

ቄሱ ፊታቸው ቅጭም አለ። «ልጁኮ የኛ ነው።»

«የናንተው ነው፣ አልወስድባችሁም። ጆሮውን ግን ሁላችንም ተካፍለን ነው የበላነው።»

ቄሱ ላለመሳቅ ታገሉ፣ አልሆነላቸውም። «እንግዲያው እኔም ጋ ይመጣል» አሉ።

አንቴና ሁለቱም ጋ ሄደ። ሼኹ አውራ ጣታቸውን በጣቶቻቸው አንጓ ላይ እያሳለፉ የፈጣሪያቸውን ምስጋና በከንፈራቸው ይደጋግማሉ። «አንተ የኔን ቃል አትበል፤ የምታውቀውን በል» አሉት። በመጀመሪያው ቀን ጉልበቱ እየዘለለ ትንሽ እንኳ ሳይቆይ ብድግ ብሎ ሄደ። አልጠሩትም። በሌላው ቀን ሲመለስም ምንም አላሉትም፤ ምንጣፉን ገፋ አርገው ቦታ ሰጡት።

«ፉጨቱስ?» አላቸው።

«ጎረቤት ቤት ሕፃን ሲያለቅስ ምሳህን ታቋርጣለህ? ይሰማሃል፣ ትበላለህ።»

ቄሱ ደግሞ ሰም ሰም በምትሸት ትንሽ ክፍላቸው ውስጥ መቁጠሪያቸውን አውጥተው፣ «ጌታ ሆይ» ሲል ትንፋሹን እንዲስብ፣ «ማረኝ» ሲል እንዲለቀው አስተማሩት። ስለ ፉጨቱ ሲጠይቃቸው «ዝናብ ጣራውን ቢደበድበው ቤት ውስጥ ያለ ሰው ወሬውን ይተዋል? ጠጋ ብሎ ያወራል እንጂ» አሉት።

አንቴና ዓይኑ ፈጠጠ። «ሼኹም እኮ እንዲህ ያለ ነገር ነው ያሉኝ!»

«ማ? እሳቸው?» አሉ ቄሱ። ደስ ያላቸው አይመስልም። ሊወጣ ሲል ግን ከኋላው ጠሩት። «ስማ እስቲ… ልባቸው ሲባዝን ምን እንደሚያደርጉ ጠይቅልኝ።»

ጠየቀ። ሼኹ «ልቤ ሳይባዝን የዋለበትን ቀን እሳቸው የሚያውቁ ከሆነ ይንገሩኝ በላቸው» አሉ። ይህንን ይዞ ሲመለስ ቄሱ ሌላ ጥያቄ ሰጡት። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፤ የተሸከመው መሰላል አለመሆኑ ነው እንጂ እንደ ድሮው ነው። አንድ ቀን ትዕግሥቱ አለቀ።

«እኔ ሽቦ ነኝ እንዴ? ለምን ራሳችሁ አትጠያየቁም?»

እናም ተጠያየቁ፤ እዚያው ሕፃናት ወንበር ላይ። በዚህኛው ስብሰባ ስለ ማጉያ ከማውራት ይልቅ እያንዳንዱ እንዴት እንደሚጸልይ፣ መቼ እንደሚከብደው አወራ። ሁሉ ነገር ማርና ወተት ሆነ ማለት አይደለም። በጸሎታቸው ማንን እንደሚጠሩ ሲነሳ ነገሩ ከረረ፤ ከሁለቱም ወገን ተቆጥተው የወጡ አሉ። ሰፈሩም ወሬውን አራገበው። «ሊያሰልሙት ነው» አለ ግማሹ። «ሼኹን ሊያስጠምቅ ነው የሚመላለሰው» አለ ሌላው።

ወሬው፣ የጆሮውም ነገር ታክሎበት፣ ዳቦ ቤት ደረሰ። ሚስቱ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ሱቁ መጣች። ያቺ ረጋ ያለች ሴት ፊቷ ቲማቲም መስሏል።

«እውነት ነው?»

«የትም አልሄድኩም፣ እኔ ክርስ…»

«እሱን ማን ጠየቀህ! ጆሮህ ይጮሃል የሚባለው እውነት ነው?»

አንገቱን ደፋ። «እውነት ነው።»

«ሬዲዮኑን ቀንስልኝ እያልኩ ስጨቃጨቅህ፣ ደንቆሮ ነህ ወይ ብዬ ስሰድብህ ዝም ትለኛለህ? ሼኹ ያውቃሉ፣ ቄሱ ያውቃሉ፣ እኔ ከደንበኛ ልስማ?»

«ሥራ እንዳላጣ ፈርቼ…»

«እኔ ነኝ ሥራ የምቀጥርህ?»

እሷ አንዱን ሬዲዮን ወደ ጎን ገፋ አርጋ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ንዴቷ በረድ ሲል «አሁንም ይጮሃል?» አለችው።

«አሁንም።»

«የትኛው?»

ግራውን አሳያት። በዱቄት የተለወሰ መዳፏን ጆሮው ላይ አሳረፈች። ፉጨቱ አልቀነሰም። ግን ቀና ለማለት አልፈለገም፤ ጉልበቱም ለጊዜው መርገብገቡን ተወ።

ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ሁለቱ ወገኖች ማጉያዎቹ ዝቅ እንዲሉ፣ አፋቸውም ወደየግቢያቸው እንዲዞር ተስማሙ። አንቴና ወጥቶ አዞራቸው። አንዳንድ አዛውንቶች «አይሰማንም» ብለው አኮረፉ፤ ጎረምሶቹም ሲመቻቸው የድምፁን ማስተካከያ ተደብቀው ከፍ ያደርጉታል፤ ያን ጊዜ ይጠራና ሄዶ ይመልሰዋል። ማን እንደቆረጠው ያልታወቀው ገመድም አንዴ እንደገና ተቆርጧል።

ሼኹና ቄሱ ወዳጅ ሆኑ ለማለት ይቸግራል፤ መገናኘቱን ግን አልተዉትም። አንዱ በሌላው ግቢ ሲገባ ምእመኑ ስለሚያጉረመርም መገናኛቸው የአንቴና ሱቅ ሆነ። ሼኹ ሣጥን ላይ፣ ቄሱ ካንዱ ትልቅ ማጉያ ላይ፣ እሱ ደግሞ መሬት ላይ ይቀመጡና ሁሉም የየራሱን በየልቡ ይላል። አንቴና እስከ መጨረሻው የሚቆይበት ቀን አለ፤ ብድግ ብሎ መንገዱን አንድ ዙር ዞሮ የሚመለስበት ቀንም አለ።

በዚህ ሰሞን አንድ ደንበኛ የተበላሸ ሬዲዮን ታቅፎ በሩ ላይ ሲደርስ ሦስቱን ዓይናቸውን ጨፍነው አገኛቸውና ክው ብሎ ቀረ።

«ምን… ምን እየሠራችሁ ነው?»

ቄሱ አንድ ዓይናቸውን ብቻ ገለጥ አደረጉ። «ወረፋ ነው። ሬዲዮንህን አስቀምጥና ከሼኹ ኋላ ያዝ።»

ሰውዬው ግራና ቀኝ አየ፤ ሬዲዮኑን መሬት ላይ አኖረና ደፉ ላይ ቁጢጥ አለ።