የናሎንጎ ቁልል

ከማሳካ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን መንታ የወለደች ሴት እናት አባቷ ያወጡላት ስም ይቀርና «ናሎንጎ» ትባላለች። የኛዋ ናሎንጎ መንታዎቿ ካምፓላ ገብተው ቀርተዋል፤ ባሏም ሞቷል። የቀራት የማቶኬ፣ ተቀቅሎ የሚበላው ሙዝ፣ ጓሮዋ ነው። የምትበላውም ከዚያ፣ የምትከበረውም በዚያ። እኛ ዘንድ ሙዟ የቀጨጨባትን ሴት ምክር የሚጠይቃት የለም።

መሬቱ ሲደክምባት ከቤቷ ጀርባ ኮምፖስት መቆለል ጀመረች። የሙዝ ልጣጩን፣ አመዱን፣ የፍየሉን በጠጥ፣ አረሙን ታነባብርና በቅጠል ታለብሰዋለች። መሃሉ ላይ የሰካችውን እንጨት እየመዘዘች ትጨብጠዋለች፤ ከሞቀ ቁልሉ እየሠራ ነው፤ ሲበርድ ደርሷል። ጎረቤቷ ናቡኬራ ይህን ባየች ቁጥር፣ ሟቹ ባሌ እንኳ እንዲህ ሞቆ አያውቅም እያለች ታስቃት ነበር።

የብቸኛ ሰው ልጣጭ ግን ምን ያህል ነው? ከኮረብታው ማዶ ሰርግ ሲደገስ ሄዳ የድግሱን ልጣጭ በጆንያ አመጣች። ማዶ ሙዙን የሚያጠወልግ በሽታ ስለገባ ሽማግሌዎቹ ከዚያ ምንም እንዳይመጣ ከልክለው ነበር። እሷ ግን የበሰበሰ ነገር በሽታ አይዝም ባይ ናት፤ የሞተ ሰው ያስነጥሰዋል እንዴ ብላ ሳቀችባቸው። ዝናቡ ሲቃረብም ቸኮለች። ልጣጩ ገና ልጣጭነቱ ሳይጠፋ፣ እንጨቱም ሳይበርድ፣ ቁልሉን አፍርሳ በየግንዱ ሥር በተነችው። የተረፈውን ደግሞ ቆይታ ለናቡኬራ ሰጠቻት።

አንድ ቀን ለራቷ ዘለላ ልትቆርጥ ገጀራዋን ስታሳርፍ ግንዱ ቢጫ መግል አወጣ። ፍሬውን ከፈለችው፤ ውስጡ ጠቁሯል። በሽታው የታየበት ጓሮ በመንደሩ ወንዶች ገጀራ ተጨፍጭፎ እንደሚቀበር ታውቃለች። ደረቅ ቅጠል አምጥታ ቁርጡን ሸፈነችና እዚያው ተቀመጠች። ማን ያያል? ከአጥሩ ወዲያ ግን የናቡኬራ መቆፈሪያ ድምፅ ይሰማል። የሰጠቻትን ብስባሽ ከአፈሩ ጋር እያደባለቀችው ነበር።

ዞራ ሄደችና ናቡኬራ ፊት ተንበረከከች።

«ምነው ናሎንጎ? የምትንበረከኪልኝ በዕድሜ እበልጥሻለሁ እንዴ?»

«የሰጠሁሽን ብስባሽ አንሺው። የኔ ሙዝ መግል ይዟል።»

ናቡኬራ መቆፈሪያዋን ጣለችው። ማን ያውቃል ብላ ጠየቀች። ናሎንጎም ካንቺ በቀር ማንም አያውቅም አለቻት።

«እንግዲያው ዝም በይ። የሰጠሽኝን ያውቃሉ፤ ያንቺን ሲቆርጡ የኔንም ይጨምራሉ። ልጆቼን ምን ላብላ?»

«ዝም ካልኩ የሁሉም ያልቃል።»

«ያን ልጣጭ ስታግዢስ ይህን አታውቂም ነበር?»

ናሎንጎ በተንበረከከችበት እጇን አፈሩ ውስጥ ከተተች፤ ናቡኬራም አጠገቧ በርከክ አለች። ሁለቱም በእጃቸው ከየግንዱ ሥር አፈሩን ይዝቁ ጀመር። ጥቁሩ ከጥቁሩ አይለይም፤ የትኛው ብስባሽ የትኛው መሬት እንደሆነ ማን ይንገራቸው? ዝናቡ መጣና የቀረውን ወደ ሥሩ አሰረገው። ናሎንጎ ጭቃዋን እንኳ ሳትታጠብ ልትናገር ወደ መንደሩ ሊቀመንበር ቤት ወጣች። ናቡኬራ እንዳትሄድ ልብሷን ይዛ እስከ መንገዱ ተጎተተች፤ እዚያ ለቀቀቻት።

በማግስቱ የናሎንጎ ጓሮ ሲወድቅ ሁላችንም ነበርን። የናቡኬራን ግን ምልክት እስኪታይ ብለው ተዉላት። አሁን ናቡኬራ በየጠዋቱ የሙዞቿን ቅጠሎች አንጋጣ ታያለች። ናሎንጎ ከአጥሩ ወዲያ፣ ምንም ከሌለበት መሬት ላይ ቆማ እሷን ታያታለች። ሰላም አይባባሉም።