ጋሼ ከድር ከጣራቸው ያወረዱት ብርሃን

የቡታጅራው ሬዲዮ ጠጋኝ ጋሼ ከድር ታመው ሰንብተው ዐርፈዋል፤ ባለፈው ሳምንትም ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ሸኘናቸው። በሥራቸውም በደግነታቸውም ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፈው፣ የጎረቤታቸው የወይዘሮ አስካለ ልጅ አልማዝ ነኝ።

በመብራት ፈረቃው ዘመን የእኛ ሰፈር ፈረቃ እንኳ አልነበረውም፤ የኤሌክትሪክ ምሰሶው ከዋናው መንገድ አላለፈም ነበር። ጋሼ ከድር ከአዲስ አበባ ሶላር አምጥተው ቆርቆሮ ጣራቸው ላይ ሲያስሩ ሰፈርተኛው ሊያይ ወጣ። «መብረቅ ሊጠሩብን ነው» ያሉም ነበሩ። እሳቸው መሰላሉ ላይ ሆነው ሳቁ። «ፀሐይ የማንንም ቤት አልዘለለችም፤ የዘለልናት እኛ ነን» አሉ። አመሻሹ ላይ ቤታቸው ቦግ አለ። የሚጮኽ ሞተር የለ፣ ጭስ የለ። እናቴ አማተበች።

በዚያው በጋ ከኩራዛችን የፈሰሰ ላምባ ቀሚሴን አያያዘው። ገና ሕፃን ነበርኩ። እጄና አንገቴ ተቃጥሎ አታት ሆስፒታል ብዙ ተኛሁ። ዳንኩ፤ ግን ክብሪት ሲጫር ባየሁ ቁጥር እየጮኽኩ ከእናቴ ጉያ እገባ ነበር። እናቴ «ይዣት ቤት ብገባ በምን አመሻለሁ?» እያለች ታለቅስ ነበር።

ከሆስፒታል ስንመለስ ጋሼ ከድርና ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘይነባ ደጃችን ላይ ቆመው ጠበቁን። ጋሼ ከድር እጄን ይዘው አስገቡኝና ግድግዳው ላይ ማብሪያ አሳዩኝ።

«ተጫኚው፣ የኔ ልጅ።»

«ያቃጥላል?»

«ወላሂ አያቃጥልም። እይ፣ እኔ እይዘዋለሁ» ብለው አምፖሉን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

ተጫንኩት። በጣቶቻቸው መካከል ብርሃን ፈሰሰ፤ መዳፋቸው እንደ ጠዋት ሰማይ ቀላ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከተቃጠልኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

እናቴ ልታመሰግናቸው ተከትላቸው ስትወጣ ጣራቸውን ቀና ብላ አየችው። ባዶ ነበር።

«ጋሼ ከድር! የራስዎን ነው እንዴ ነቅለው ያመጡልን?»

«እኛ ኩራዝ አንፈራም፣ አስካለ። እሷ ትፈራለች።»

ወይዘሮ ዘይነባም «አይክበድሽ፤ እንደ ድሯችን እናመሻለን» አሉ። ሌላ ሶላር እስኪያገኙ ድረስ እውነትም በኩራዝ አመሹ።

ከዚያ ወዲያ ሰፈርተኛው እየመጣ «ለእኛስ?» ይላቸው ጀመር። ጋሼ ከድርም ለጠየቃቸው ሁሉ የሚተክሉትን ሶላር ጭናቸው ላይ አድርገው በሚኒባስ እስከ ቆሼ ከተማ ይወርዱ ነበር። አንድ ቀን እኛን የሰፈሩን ልጆች ወደ ዘቢዳር ተራራ ወስደውን ከተማችንን ቁልቁል አሳዩን። ቆርቆሮው ሁሉ በፀሐይ ያብለጨልጫል። «ይኼ ሁሉ መብራት በየቀኑ ይወርድልናል፤ ጎንበስ ብለን ስንሄድ አናየውም» አሉን። እኛም የየቤታችንን ጣራ መፈለግ ጀመርን።

ጋሼ ከድር፣ ሰው ለጎረቤቱ ልጅ ሲል የገዛ ቤቱን ሊያጨልም እንደሚችል በእርስዎ አየሁ። ካየሁ በኋላም ሰውን አቅልዬ መመልከት አልቻልኩም። በእናንተ ዘንድ ለሞተ ሰው መቃብሩ ብርሃን እንዲሆን የሚባል ዱዓ አለ፤ እኔ ክርስቲያኗ ልጅዎም ከልቤ እለዋለሁ፦ አላህ ቀብርዎን ኑር ያድርግልዎ።