ጅቡ ያለበት መጽሐፍ ፍለጋ፣ ከሌሞ እስከ ዱራሜ

ቅዳሜ፣ ሊነጋጋ ሲል

ወፍ ሳይንጫጫ ከሌሞ ተነሳሁ። የምትጽፈው የልጄ ልጅ ናት፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። «ሳታሳምሪ ጻፊ» ብያታለሁ።

የምሄደው ዱራሜ ነው፣ አስተማሪዋ ልጄ ማርታ ጋ። ማርታ ደመወዟን የምትጨርሰው በአሮጌ የልጆች መጽሐፍ ነው። ሥዕል ያለበት፣ ዳር ዳሩን አይጥ የበላው። ሰው ወርቅ ይሰበስባል፣ የኔዋ የአይጥ ትራፊ። «ልጅነቴ ይሸተኛል» ትላለች። እኔን የሚሸተኝ ሻጋታ ነው።

መደርደሪያዋ ላይ አንድ ቦታ ክፍት ትታለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እዚህ የሚገባውን እማዬ ቆሎ ጠቀለለችበት» ትላለች። እውነቷን ነው። ትምህርት ቤት ሳትገባ ሰው የሰጣት መጽሐፍ ነበር። ፍየል አለ፣ ድልድይ አለ፣ ጅብ አለ። ማታ ማታ «አነብላት» ነበር። መጽሐፉ በአማርኛ፣ እኔ በሀዲይኛ። ማን ይከለክለኛል? ከዚያ አንድ የገበያ ቀን መጠቅለያ አጣሁ። ቆሎው አለቀ፣ መጽሐፉም አለቀ። ይኸው ሠላሳ ዓመት አለፋት፣ ቂሟ ግን ገና ጡት አልጣለም።

ዛሬ ያንን መጽሐፍ ይዤላት ልገባ ነው የወጣሁት።

ባለጋሪው «እማማ፣ ለሕክምና ነው?» አለኝ።

«ለመጽሐፍ ነው።»

ፈረሱ ሳይቀር ዞሮ ያየኝ መሰለኝ።

ሆሳዕና፣ ሁለት ሰዓት ተኩል

ሸምሱ የሚባል የጉራጌ ልጅ ሱቅ ገባሁ። ከመንግሥት ለውጥ ወዲህ ትምህርቱ ተቀየረ ተብሎ የተጣለ መጽሐፍ እሱ ጋ በርበሬ ይጠቀለልበታል። የተማሩት ይጥላሉ፣ መሃይሟ ትለቅማለች።

«ርዕሱ ምንድነው እማማ?»

«ርዕሱን ባውቅ አንተ ጋ ምን አመጣኝ? ጅብ ያለበት ነው።»

ምስኪን፣ ሦስት ክምር ፈታልኝ። ዝሆን ወጣ፣ አውሮፕላን ወጣ፣ ጥርሷን የምትፍቅ ልጅ ወጣች። ሁለታችንም በበርበሬው አስነጠሰን።

«ለልጅ ማን ጅብ ይስላል እማማ? ልጁ እንዳይተኛ ነው?»

«ስንት መጽሐፍ አንብበህ ነው?»

«ኧረ እኔ በርበሬ ነው የምሸጠው!»

አንጋጫ፣ አምስት ሰዓት

ለአሥራ ሁለት ሰው በተሠራ ሚኒባስ ሃያ ሆነን መጣን። ረዳቱ «እማማ፣ ጠጋ ይበሉ» ይላል።

«የት ልጠጋ? ሹፌሩ ጭን ላይ?»

መንገዱ ጭቃ፣ ግራና ቀኙ እንሰት። ጎማው ሰምጦ ወንዶቹ ሲገፉ እኔ ከላይ ሆኜ አበረታታኋቸው። አንጋጫ ስንቆም አንዲት ሴት ቆሎ በመጽሐፍ ወረቀት ጠቅልላ ትሸጣለች። ወረቀቱን ለማየት ስል ሦስት ጥቅል ገዛሁ። ፈትቼ አየሁ፤ ሦስቱም የሒሳብ ነው። ቆሎውም አልበሰለም። እኔ እንኳ በዘመኔ በሥዕል ነበር የምጠቀልለው።

ዱራሜ፣ ስምንት ሰዓት

ባዶ እጄን በሯ ላይ ቆምኩ።

«እማዬ! ምነው ውጭ ቆምሽ? ግቢ እንጂ!»

«መጽሐፍሽን አላገኘሁትም፤ ሆሳዕና በርበሬ ሻጩ ጋም፣ አንጋጫ ቆሎ ሻጯ ጋም የለም» አልኳት። ሳቀች። «እኔ አዲስ አበባ ድረስ አስፈልጌ ያጣሁትን አንቺ ከቆሎ ሻጭ ልታገኚው?» ብላ ምሳ ልታቀርብ ጓዳ ገባች።

ገብቼ ስቀመጥ መደርደሪያው ላይ ያለው ክፍቱ ቦታ እንደ ወለቀ ጥርስ አፍጥጦብኛል። እሱን ላለማየት አጠገቡ ያሉትን እያወጣሁ አገላብጥ ጀመር። አምስተኛው ላይ እጄ ቀረ። ፍየሏ። ድልድዩ። ጅቡ!

«ማርታ! ነይ! እዚሁ አስቀምጠሽ ነው የምታሳጪኝ?»

ሳህን ይዛ ወጣች። «እሱማ ከገዛሁት ሦስት ዓመቱ። ጅብ የለበትም። የውሻ መጽሐፍ ነው።»

«የምን ውሻ? ዝንጉርጉሩን አታይም?»

«እማዬ፣ ጽሑፉ እኮ "ቡቺ ጎበዝ ውሻ ነው። ቡቺ ቤት ይጠብቃል" ነው የሚለው።»

«ታዲያ ጅቡ ድልድዩ ላይ ፍየሏን ይቅርታ የጠየቃት የት ሄደ? እናትሽን በልቻታለሁ፣ አንቺን ግን አሻግርሻለሁ ያላት?»

ማርታ ሳህኑን መሬት አስቀመጠች። ገጹን ገለጠች፣ መለሰች፣ ሥዕሉን በጣቷ ነካች። ስንቱን ባለሱቅ «ጅብ ይቅርታ የሚጠይቅበት» እያለች እንዳደከመች ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የመምህራን ኮሌጅ የጨረሰች ሴት፣ የያዘችውን መጽሐፍ ስትፈልግ ከረመች።

ምሳው ይቀዘቅዛል ልላት ስል እንደ ድሮዋ እግሬ ሥር ቁጭ አለች። መጽሐፉን ጭኔ ላይ አደረገችልኝ።

«በሀዲይኛ አንብቢልኝ» አለችኝ።

«እሺ» አልኳት፤ «መጀመሪያ መነጽርሽን አውሺኝ።»