ለፈቃድ የገለበጥኩት ግጥም

ተያት የተባልኩትን ስንኝ ለምን ጻፍኳት?

አምቦ ላይ ከሰፈራችን ልጆች የተውጣጣው የቀበሌ ኪነት ቡድን ግጥሞቹን ለፈቃድ ወደ አውራጃ ሲልክ፣ በንጹሕ ወረቀት የምገለብጠው በማታ ትምህርት ዘግይቼ ፊደል የቆጠርኩት እኔ ነበርኩ። ድምፃዊው የቀበሌውን ሊቀመንበር የምትሸነቁጥ አንዲት ስንኝ ነበረችው።

«እትዬ፣ እሷን ተያት። ከመድረክ ላይ እኔው ለሕዝቡ አቀብላታለሁ» አለኝ እየሳቀ።

እኔ ግን የሰው ጽሑፍ ስገለብጥ አንዲት ቃል ማጉደል አልወድም ነበር። አውራጃ ላይ ስንኟ ተነበበችና እሱ ከመድረክ ታገደ፤ ቡድኑ ያለ እሱ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ተጨበጨበለት።

ከዓመታት በኋላ ባኮ ላይ በቆሎ መኪና ላይ ሲጭን አገኘሁትና ስንኟን የጻፍኳት እኔ መሆኔን ነገርኩት። ጆንያውን ከትከሻው አወረደ።

«እኔ እኮ የቡድናችን ከበሮ መቺ አሳብቆብኝ መስሎኝ ነበር» አለ። «እንደተኳረፍን ሞተ።»