ፈሂማ ለክረምት የመረጠችው መጽሐፍ

ሙላት እባላለሁ፤ የአማርኛ መምህር ነኝ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ «ለክረምት ምን ላንብብ?» ተብሎ የሚጠየቀው ግን እኔ አይደለሁም፣ ፈሂማ ናት። መናኸሪያው አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቋ ሳሙናና የሞባይል ካርድ ትሸጣለች፤ ከሳሙናው በላይ ሲባጎ ላይ በልብስ መቆንጠጫ የተሰቀሉ መጻሕፍት አሏት። ታውሳለች እንጂ አታከራይም። መጽሐፍ የሚመልስ ሰው ግን ቁጭ ብሎ ታሪኩን ሊተርክላት ግድ ነው። ከአራተኛ ክፍል ስላቋረጠች አንድ ገጽ ማንበብ ግማሽ ቀን ይፈጅባታል፤ ይህንንም ከማንም አትደብቅም። እኔ ትምህርት ሲዘጋ የሚያንጹ መጻሕፍት ዝርዝር በሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ተማሪዎቼ አሳምረው ይገለብጡና ቀጥ ብለው ወደ ፈሂማ ይሄዳሉ። አልቀናሁም ብል ውሸት ነው።

ፈሂማ ሪያድ ሰባት ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች። ስለ ከተማው ሲጠይቋት ትስቃለች። የምታውቀው ከኤርፖርት ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ኤርፖርት ያለውን መንገድ ብቻ ነው፤ እሱንም ያየችው በተጋረደ የመኪና መስኮት ነው። ለዚህ ይመስለኛል የጉዞ መጽሐፍ ነፍሷ የሆነው።

በ2013 ክረምት የጦርነቱ ወሬ ከቀን ወደ ቀን እየቀረበ መጣ። ትምህርት ቤታችን ከወልድያና ከመርሳ በሸሹ ሰዎች ተሞላ። ልጄን ጦርነት ከሚያገኛት ዓረብ አገር ትድረስ የሚል ወላጅ በዛ፤ ደላላም አብሮ በዛ። የፈሂማ ወንድም ሀሚዱ አንዱን ደላላ አነጋገረ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጁ ኢንሳፍ በነሐሴ መጨረሻ በአፋር በረሃ አድርጋ፣ በጅቡቲ በኩል ባሕር ልትሻገር ሆነ። ፈሂማ ለመነች፣ ተቆጣች፣ ከወንድሟ ጋር ተኳረፈች፤ የሰማት የለም። በመጨረሻ ያደረገችው ነገር ግን እኔን አናደደኝ። ከሲባጎው ላይ አንድ ወፍራም የጉዞ ልቦለድ አውርዳ ለኢንሳፍ ሰጠቻት።

መጽሐፉን አውቀዋለሁ። አንዲት ልጅና ጓደኛዋ የጠፋ አጎት ፍለጋ በጭነት መኪና፣ በግመል፣ በእግር ወደ ጨው ምድር ይሄዳሉ። ለወጣቶች የተጻፈ ነው፤ ልብ ያንጠለጥላል። ሱቋ ድረስ ሄጄ ተቆጣኋት። ልጅቷ እንኳን ዘንቦባት እንዲያውም ጤዛ ናት፣ ጭራሽ የጉዞ ታሪክ ትሰጫታለሽ ወይ አልኋት።

«አንተ መምህር፣ እኔ መሄድን መች ጠላሁ» አለችኝ፣ ለአንድ ባለባጃጅ ካርድ እየሰጠች። «እኔ እንደ ዕቃ ነው የሄድሁ። ጭነው ወሰዱኝ፣ ጭነው መለሱኝ። እሷ እንደ ዕቃ እንዳትሄድ ነው።»

ኢንሳፍ ያነበበችውን በየቀኑ ከሰዓት እየመጣች ትተርክ ጀመር። እኔም ሳሙና ያለቀብኝ መስዬ እመላለስ ነበር፤ የዚያን ክረምት ሳሙና እስካሁን አልጨረስሁትም። ፈሂማ በየመሃሉ ታቋርጣታለች። ውሃ ያለበትን ማን ነገራቸው? መንገዱን የሚያውቀው ማነው? አንድ ቦታ ላይ ልጅቷ መንገዱ ስላላማራት ሁለት ቀን ወደ ኋላ ትመለሳለች። ፈሂማ ይህን ክፍል ሦስት ጊዜ አስተረከቻት፤ ልጅቷ ስትመለስ አላፈረችም ወይ ብላም ጠየቀቻት።

«ምን ያሳፍራታል አክስቴ» አለች ኢንሳፍ፤ «መንገዱ የራሷ ነው።»

ቀኑ ደረሰ። ደላላው ሦስት ልጆች ይዞ ወደ ባቲ ሊሄድ ሚኒባስ አቆመ። ኢንሳፍ ቦርሳዋን አንግታ ሄደች፤ ከመሳፈሯ በፊት ግን ጠየቀችው። የመጀመሪያው ቀን አዳራችን የት ነው? በረሃው ላይ ውሃ የሚይዝልን ማነው? መሃል ላይ ልመለስ ብል ማን ይመልሰኛል? ሰውዬው መጀመሪያ ሳቀ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ተቆጣ። የዚህች ምላስ መንገድ ላይ ያስይዘናል አለና ከነቦርሳዋ እዚያው ትቷት ሄደ። አዝኖላት አይደለም፤ የምትጠይቅ ልጅ ለሱ ሥራ አትመችም።

ኢንሳፍ ሱቁ ድረስ መጥታ ይህን ስትነግረን ደስታዬ ከአቅሜ በላይ ሆነ። ፈሂማ አቀፈቻት፤ «አልሐምዱሊላህ» እያለች አለቀሰች። ቆይታ ግን ፊቷ ተለወጠና ሌሎቹ ሁለቱ እነማን እንደሆኑ ጠየቀቻት። ኡሙሰልማና ኢቲሳም ናቸው አለች ኢንሳፍ፤ ምንም ሳይጠይቁ ተሳፈሩ።

ሁለቱም የእኔ ተማሪዎች ናቸው። የመጻሕፍቱን ዝርዝር ገልብጠዋል፤ ኢቲሳም እንዲያውም ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ አስምራበታለች።

«ያ መጽሐፍ እኔ ያለኝ አንዱ ብቻ ነው» አለች ፈሂማ። ለእኔ ትንገረኝ ለራሷ አላውቅም።

በማግስቱ ደሴ ሄድሁ። ከተማው በተፈናቃይ ተጨናንቋል፤ ከመጻሕፍት መደብሮቹ ግማሾቹ ተዘግተዋል። ከዚህም ከዚያም ለቃቅሜ የዚያኑ መጽሐፍ አራት ቅጂ አገኘሁና ይዤ ተመለስሁ። ባንኮኒዋ ላይ ስደረድራቸው ታመሰግነኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን አንድ በአንድ አገላብጣ አየቻቸውና ቀና ብላ፣ ክፍሌ ውስጥ ስንት ሴት ልጆች እንዳሉ ጠየቀችኝ።

ሠላሳ አንድ ልል አፌን ከከፈትሁ በኋላ፣ «ሃያ ዘጠኝ» አልኋት።