የጨረቃ ጉድጓድና የአክስቴ ገብስ

የጨረቃን ጉድጓዶች የቆፈራቸው ከሰማይ የወደቀ ነገር መሆኑን እኔ ያወቅሁት በጣሊያን ጊዜ ነው። አስተማሪ አልነበረኝም። ፊደልንም የለየሁት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሜ፣ ተማሪዎቹ ሲጮኹ እየሰማሁ ነው፤ ከውስጥ ከተቀመጡት ቀድሜም ዳዊት ደገምሁ። ይህን የምለው ለመመካት ነው። የሚመካበት ያለው ሰው ለምን ይደብቃል?

ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ የሚወስደው መንገድ ሲሠራ የሃያ ሁለት ዓመት ጎልማሳ ነበርሁ። ሌላው ድንጋይ ሲፈልጥ ይውላል፤ እኔ ቀይና ነጭ የተቀባ ረጅም ዘንግ ይዤ እቆማለሁ። ጣሊያናዊው ቀያሽ በሦስት እግር ላይ በተተከለ መነጽር ከሩቅ ወደ ዘንጉ ያያል፤ እጁን ባወዛወዘበት በኩል ፈቀቅ እላለሁ። ለዚህ ሥራ የመረጠኝ ሳልነቃነቅ መቆም የምችል እኔ ብቻ ስለነበርሁ ነው። ከወር በኋላ በዘንጉ ላይ ያለውን ቁጥር ራሴ እያነበብሁ፣ ሲሳሳት አርመው ጀመር።

አንድ ቀን አሥር ሰዓት ገደማ ግማሽ ጨረቃ ነጣ ብላ በምሥራቅ በኩል ወጥታለች። ቀያሹ ሥራውን ጨርሶ ሲጋራ ሲለኩስ፣ መነጽሩን ወደ እርሷ እንዲያዞርልኝ በእጄ ጠቆምሁት። ሳቀና አዞረልኝ። በዚያ መነጽር ሁሉ ነገር ተዘቅዝቆ ስለሚታይ፣ ሠራተኞቹ ሰይጣን አለበት ብለው አይጠጉትም ነበር። እኔ ዓይኔን አስጠጋሁ።

የጨረቃ ፊት ፈንጣጣ የበላው ሰው ፊት ይመስላል። ብርሃንና ጥላ በሚገናኙበት ዳር ጉድጓድ በጉድጓድ ላይ ተደርቧል። ሁሉም ክብ ነው፤ ሁሉም ዙሪያውን ከፍ ያለ ከንፈር አለው። ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት። ቀያሹ ባለችው ጥቂት አማርኛና በእጁ ጭምር ያስረዳኝ፣ በአገሩ እሳት የሚተፋ ተራራ እንዳለና እነዚህም የእንደዚያ ያለ ተራራ አፎች መሆናቸውን ነው። አክብሬ ሰማሁት እንጂ አላመንሁትም። ተራራ ቢሆኑ አፋቸው ከጫፍ ላይ በሆነ፤ እነዚህ ግን ሜዳ ላይ የተዘሩ ናቸው።

ቅዳሜ ቤቴ ስገባ ከጓሮ ካለው የአመድ ክምር ላይ ጠጠር መጣል ጀመርሁ። ከላይ ጣልሁ፣ ከጎን ወረወርሁ። ጉድጓዱ እንደዚያው ክብ ነው፤ ዙሪያውንም አመዱ ከንፈር ይሠራል። እናቴ አየችኝና ጠበል ልውሰደው ወይ ብላ ጎረቤት አማከረች። አንድ ነገር ብቻ አልፈታልህ አለኝ። በአመዱ ጉድጓድ ውስጥ ጠጠሩ ተቀምጧል። የጨረቃው ጉድጓድ ግን ባዶ ነው። ታዲያ የወደቀው ነገር የት ገባ?

መልሱን ያገኘሁት በአክስቴ ማሳ ላይ ነው። አክስቴ የእናቴ ታላቅ ናቸው፤ ባላቸው ሞቶባቸው፣ መሬታቸውን በእኩል እያሳረሱ፣ ከእኛ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ መንደር ይኖሩ ነበር። በዚያ የበጋ ወራት አርበኞች አድረውበታል ተብሎ መንደሩ በአውሮፕላን ተመታ። ሕዝቡ አስቀድሞ ወደ ገደሉ ስለሸሸ የሞተ ሰው አልነበረም። ወሬው እንደደረሰን በማግሥቱ ልጠይቃቸው ሄድሁ።

አክስቴን ያገኘኋቸው ማሳቸው ላይ ነው። በአንድ እጃቸው ጭድና ኩበት አቅፈዋል፤ በሌላው እጃቸው ፍም ያለበት ገል ይዘዋል። ፊታቸው ላይ ደስታ አየሁ። ከማሳው ጥግ፣ አፉ የጋን አፍ የሚያህል አንድ ጠባብ ጉድጓድ ተከፍቷል። አማታቸው በክፉ ቀን እህል የቀበሩበት ጉድጓድ ነበራቸው፤ ቦታውን ሳያሳዩ ሞቱ። አክስቴ እንደነገሩኝ፣ የቦምቡ ነውጥ ያን የጠፋ ጉድጓድ ከፍቶላቸዋል። ባንዶች ለጣሊያን በቅሎ ገብስ እየሰበሰቡ ከጎረቤት መንደር ደርሰዋል። የአክስቴ ዘር ሁለት ስልቻ ገብስ ነው። እርሱ ከተወሰደ ክረምት ማሳው ጦም ያድራል፣ እርሳቸውም የሰው ደጅ ይጠናሉ። ስለዚህ ገብሱን እዚያ ሊቀብሩ ቸኩለዋል። በአገራችን የእህል ጉድጓድ እርጥበቱና ነቀዙ እንዲጠፋ አስቀድሞ እሳት ይነድበታል፤ ጭዱና ፍሙ ለዚሁ ነው።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የእህል ጉድጓድ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው። ይህ ግን ሆድ የለውም፤ አግድም ተንሸራቶ እንደ ቱቦ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ቀና ብዬ ማሳውን አየሁ። ከወዲያ ቦምብ የቆፈራቸው ሁለት ጉድጓዶች አሉ፤ ሰፊ፣ ክብ፣ ዙሪያቸውን አፈሩ ከንፈር ሠርቷል። ውስጣቸው ባዶ ነው። ብረቱ ተቆራርጦ እስከ ጎረቤት ማሳ ተበትኗል።

የጨረቃዬ መልስ ያኔ መጣልኝ። ወድቆ የፈነዳ ነገር ራሱን ይበትናል፤ የሚተወው ሰፊና ባዶ ጉድጓድ ነው። ያልፈነዳ ነገር ግን ጠባብ ቀዳዳ በስቶ ከውስጡ ይቀመጣል። በጨረቃ ላይ የወደቀውም በኃይል ስለወደቀ እንደ ቦምቡ ፈንድቶ ጠፍቷል ማለት ነው። ሊቃውንቱ ይህንኑ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲናገሩ በሬዲዮ ሰምቻቸዋለሁ፤ ትክክል ናቸው። ያን ዕለት ግን ከደስታዬ ብዛት አክስቴ ፍም ይዘው አጠገቤ መቆማቸውን ለአፍታ ረስቼ ነበር።

«አንቱ አክስቴ፣ ፍሙን ወዲያ ያርቁት» አልኋቸው።

«ምነው? ሳይታጠን እህል ይገባበታል?»

ጉድጓዱ የአማታቸው እንዳልሆነ፣ ከውስጡ ቦምብ እንዳለ ነገርኋቸው። በምን አወቅህ ሲሉኝ ከጨረቃ ጀመርሁ፤ ስለ መነጽሩ፣ ስለ አመዱ፣ ስለ ከንፈሩ አስረዳሁ። ፍሙ አመድ እየለበሰ ሄደ።

«ዘንግ ተሸክመህ ብትቆም የጉድጓድ ሊቅ ሆንህ?» አሉኝ። «ጨረቃዋን ለፈጠራት ተዋትና ገብሴን የት እንደማደርገው ንገረኝ።»

ጭዱን ወደ ጉድጓዱ አፍ አስጠጉ። በዚህ ጊዜ ሌላ መንገድ ያዝሁ። ከገደሉ ሆነው ስንት ቦምብ ሲወርድ እንዳዩ ጠየቅኋቸው። ሦስት ነው አሉ። ስንቱ ጮኸ? ሁለቱ። ሦስተኛውስ? አገሩ ሁሉ የሚያውቀውን ነገሩኝ፤ ሦስተኛውን የደብሩ ታቦት አየር ላይ አስቀርቶታል። ካህናቱም በዚህ ምክንያት ምሕላውን በእልልታ ፈጽመዋል።

እኔ ከታቦት ጋር አልከራከርም። እንዲህ አልኋቸው፤ «ታቦቱ እንዳይፈነዳ ከለከለው እንጂ እንዳይወድቅ አልከለከለውም። እርሱ ያስተኛውን አንቱ በእሳት ሊቀሰቅሱት ነው?»

አክስቴ ቀዳዳውን አዩ፤ አውሮፕላኑ የመጣበትን ሰማይም አዩ። ከዚያ ሃያ ርምጃ ያህል ወደ ኋላ ሄደው ፍሙን መሬት ላይ ደፉና በእግራቸው አፈር አለበሱት።

ቀዳዳውን ዙሪያውን በእሾህ አጠርነው። ገብሱን የት እናድርገው ለሚለውም ያው የጨረቃ ትምህርት በቂ ነበር፤ የፈነዳ ጉድጓድ ባዶ ነውና የሚያስፈራ ነገር የለበትም። ከሁለቱ በአንደኛው ሥር፣ ተነቃንቆ በላላው አፈር ውስጥ ቆፈርን፤ እዚያ ከቤት ባመጣነው ፍም አነደድን፣ ሁለቱን ስልቻ በጭድ ጠቅልለን ቀበርን። ከንፈሩን እንዳልተነካ አድርጌ መልሼ ያስተካከልሁት እኔ ነኝ። ዱካችንንም በቅጠል ጠረግሁት።

ባንዶቹ በሳምንቱ መጡ። የቤቱን ወለል በብረት ወጉ፤ የፍግ ክምሩን ገለበጡ። በእሾህ የታጠረውን ሲያዩ ይህ ምንድን ነው አሉ። አክስቴ ያልፈነዳ ቦምብ ነው ብለው እውነቱን ነገሯቸው። ወዲያው ሸሽተው ከሰፊው ጉድጓድ ከንፈር ላይ ተቀመጡ፤ ከገብሱ በላይ መሆኑ ነው፤ ጥቂት አርፈው ሄዱ። ይህን አክስቴ ራሳቸው ሲነግሩኝ በሳቅ እንባቸው ፈሰሰ።

ውሃ እንዳይገባበት ገብሱን ግንቦት ላይ አወጣነው። ከሥር ጥቂት ሻግቷል፤ የቀረው ሰኔ ላይ ተዘራ፣ ያማረ አዝመራም ሰጠ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ደግሞ ወታደሮች መጥተው ጠባቡን ቀዳዳ ቆፈሩና ጥጃ የሚያህል ቦምብ አወጡ። አፍንጫው ቋጥኝ ገጥሞት ተጣሟል። ቆሜ አየሁ፤ አልገረመኝም።

በዚያው ዓመት አክስቴ የስእለታቸውን ገብስ ለደብሩ ወስደው፣ ከቅዳሴ በኋላ ለተሰበሰበው ምእመን ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገሩ። ታቦቱን አመሰገኑ፤ የአማታቸውንም ነፍስ አነሡ። ስለ እኔ አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ስንመለስ መንገድ ላይ፣ አክስቴ፣ እኔን ረሱኝሳ አልኋቸው።

«አንተማ ራስህ ትናገረው የለም ወይ?» አሉኝ፤ ቤት ስንደርስም አንድ ቁና ገብስ ሰፍረው አሸከሙኝ።