የድመቷ ክስ እና ግማሽ ኪሎ ጎረድ ጎረድ

ግንቦት 2012 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር በሆነችው ታናሽ እህቴ ደም ውስጥ የቶክሶፕላዝሞሲስ ምልክት ተገኘ። ከድመት ዓይነ ምድር ወይም ካልበሰለ ሥጋ በሚመጣ ጥገኛ ተውሳክ የሚይዝ በሽታ ነው። እናትን እምብዛም አይጎዳም፤ ፅንሱ ጋ ከደረሰ ግን ዓይንና አንጎል ሊያበላሽ ይችላል።

ቀደም ብሎ ትኩሳትና የአንገት እብጠት ነበራት። የኮሮና ምርመራዋ ነፃ ሲላት ባሏ እዚሁ የምንኖርበት ጆሃንስበርግ ላለ ዘመድ ሁሉ እየደወለ አበሰረ። ሐኪሟ ግን አልረካችም፤ ሌላ ምርመራ አዘዘች።

በኮሮናው ክልከላ ክሊኒኩ ውስጥ አጃቢ ስለማይገባ ውጤቱን እኔና ባሏ መኪና ውስጥ ሆነን በስልክ ሰማን።

"ቤት ውስጥ ድመት አለ?" አለች ሐኪሟ።

"አለች" አለች እህቴ።

"ብዬ ነበር!" አለኝ ባሏ። "ድመት ቤት አይገባም ብዬ ነበር!"

ድመቷ ከአፓርታማው ወጥታ አታውቅም፤ ከደረቅ የካርቶን ምግብ በቀር የቀመሰችው የለም፤ ተውሳኩ ድመትን የሚይዛት ደግሞ አይጥ ወይም ጥሬ ሥጋ ስትበላ ነው። ከሰዓት በኋላ ከነሳህኗ ጎጎ፣ አያት፣ እያልን ለምንጠራት አሮጊት ጎረቤታችን ተሰጠች። ሰው ሁሉ ከቤት አትውጡ በተባለበት ወር፣ ውጪ የተባለችው እሷ ብቻ ነበረች።

እኔ ዝም አልኩ። ያልተረጋገጠ ነገር አልናገርም ብዬ ነው፤ ቢያንስ ለራሴ የነገርኩት እንደዚያ ነው።

የተረጋገጠው ይህ ነበር። ከፋሲካ በኋላ እህቴን ጥሬ ሥጋ አማራት። የነፍሰ ጡር አምሮት ካልተሟላ ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል ይባላል። እኔ አላምንበትም፤ ግን ከቤተሰቡ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ያለኝ እኔ ጋዜጠኛው ብቻ ነበርኩ። ከጀፕስታውን የሐበሻ ሥጋ ቤት ግማሽ ኪሎ ጎረድ ጎረድ አስቆርጬ፣ በበረዶ ሳጥን ይዤ ስመለስ ወታደር አስቆመኝ።

"ወዴት ነው?"

"ሥራ ላይ ነኝ።"

"ሳጥኑ ውስጥስ?"

"ሥጋ።"

"አሃ፣ ለብራይ፣ ለጥብስ!"

"አይጠበስም። እንዲሁ ነው የሚበላው።"

ጭምብሉን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ አንድ እርምጃ ራቀኝ። "ሃዉ! እለፍ፣ እለፍ!"

በዚያ ወር ስለዚያ ሥጋ ትክክለኛ ፍርድ የሰጠ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ለባሏ ነገርኩት። "ድመቷን መልሳት። የበላችውን ጥሬ ሥጋ ያመጣሁላት እኔ ነኝ።"

"እንዴ ጋሼ! አባቶቻችን ሲበሉት የኖሩትን? ማንን ገደለ?"

"ዓይን ነው የሚያጠፋው" አለች እህቴ፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ። "ደውልላት፣ ጋሼ።"

ደወልኩ። ሐኪሟ ስለ ሥጋው ስትሰማ "ለምን ያን ጊዜ አልነገራችሁኝም?" አለች።

"የጠየቁን ስለ ድመት ነው።"

"ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ማረጋገጥ አልችልም" አለች። "ድመቷን ግን እኔ አልከስም።"

እህቴ እስክትወልድ መድኃኒት ዋጠች። ባሏ ድመቷን ሊያመጣ ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ፤ ጎጎ አልሰጥም አለች።

ልጁ መስከረም ላይ ተወለደ። ገላው ላይ አንድም ምልክት የለም፤ ደሙ ውስጥ ግን ነበር። ሐኪሟ ተውሳኩ ራሱ ሳይሆን ከእናቱ ደም የተሻገረ የመከላከያ ምልክት ሊሆን እንደሚችል፣ ከሆነም ዓመት ሳይሞላው እንደሚጠፋ፣ ካልጠፋ ግን ልጁ ተይዟል ማለት እንደሆነ ነገረችን። ዓመቱን ሙሉ አባቱ ከሥራ ሲገባ ጃኬቱን ሳያወልቅ በሕፃኑ ዓይን ፊት ቁልፉን ያወዛውዝ ነበር። ሕፃኑ በዓይኑ ቢከተለውም፣ በማግስቱ ደግሞ ያወዛውዛል።

ልጁ ዓመት በሞላው ሳምንት ደሙ እንደገና ተመረመረ። ምልክቱ አልተገኘም።